ሳይለመን የማይጠጣው መርዕድ

መርከቡ የሲያትልን ወደብ ለቆ፣ የከተማዋ ፎቆች ገና ከኋላችን እየታዩ ሳለ፣ ላይኛው ባር ውስጥ አሳላፊው አንድ ጠርሙስ ከፈተ። ለኔ አልነበረም። ከኔ ሁለት ወንበር አልፋ ለተቀመጠች፣ ፀጉሯ ጥጥ ለመሰለ ሴትዮ ነበር የከፈተላት። ሽታ ግን የማን ብርጭቆ እንደሆነ አይጠይቅም፤ እንስላል እንስላል የሚለው የግሪኮቹ አረቄ የኡዞ ሽታ ተነሥቶ መጣና አፍንጫዬ ሥር ቆመ። የመርከቡን ካርድ በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ወደ አላስካ እየሄድኩ መሆኔን፣ ሰባ አንድ ዓመት እንደሞላኝ፣ ጉልበቴን እንደሚያመኝ፣ ሁሉንም ረሳሁት። የድሮው ሰፈራችን፣ ሬይኒየር አቬኑ ላይ ነበርኩ። ጧት ነበር፤ ያካፋል፤ በግራ በቀኝ መርዕድና ዘውዴ ነበሩ። ዞር ስል መርዕድ በእርግጥም አጠገቤ ተቀምጧል። ዘውዴን ግን ባለፈው ክረምት ቀብረነዋል።

ዘመኑ መቼ ነበር ብላችሁ ዓመት አትጠይቁኝ፤ ቤንዚን ከአንድ ዶላር በታች በነበረበት ጊዜ ብላችሁ ያዙት። ሦስት ነበርን። ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ጡረተኛ ቤት ምድር ቤቱን በወር በሁለት መቶ ሰማንያ ዶላር ተከራይተን እንኖር ነበር። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከሦስታችን ረጅሙ ዘውዴ ጎንበስ ብሎ መሄድ ለምዶበት፣ መንገድ ላይ ሳይቀር አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚራመደው። ከሁለተኛ እጅ ሱቅ በስድስት ዶላር የተገዛ አንድ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ነበረን፤ የማንም አልነበረም፤ ከሰው ጋር ቀጠሮ ያለው ያን ቀን ይለብሰዋል። ታክሲ ነበር የምንነዳው፣ ሦስታችንም የሌሊቱን ፈረቃ። እኔና ዘውዴ ሹራብ ደርበን፣ ኮፍያ ደፍተን ነው የምንነዳው፤ መርዕድ ግን ክራቫት ሳያስር መሪ አይጨብጥም። «አንተ ሰውዬ፣ ተሳፋሪ የሚያየው ማጅራትህን ነው፤ ክራቫትህን ማን ያይልሃል?» ስለው «እኔ አየዋለሁ» ይለኛል። ቴፑ የሚሠራውም የሱ መኪና ብቻ ነበር። አንድ ካሴት ነበረችን፣ ሪባኗ ሁለቴ ተበጥሳ በጥፍር ቀለም የተቀጠለች፤ ቅጥሉ ላይ ስትደርስ ዘፋኙ አንዲት ቃል ይዘላል። እስከ ዛሬ ያንን ዘፈን ሌላ ሰው ቤት ስሰማው ያቺን ቃል ሲላት እደነግጣለሁ።

ሌሊት ለሚሠራ ሰው ምሽቱ ጧት ነው። መኪናችንን ለቀን ሹፌሮቹ አስረክበን ስንወጣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ከመኪና ማስረከቢያው አለፍ ብሎ፣ የጫማ ሰፊው ሱቅና የልብስ ማጠቢያው ቤት የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ፣ እንደኛ ከሌሊት ሥራ ለሚወጡ ሰዎች በዚያ ሰዓት የሚከፍት መጠጥ ቤት ነበር። ባለቤቷ ዶሪስ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ክንዷ የወፍራም ሰው፣ ድምጿ የወታደር። ሕዝቡ ክዳን ባለው ኩባያ ሻይ ይዞ ወደ ሥራ ሲሮጥ፣ እኛ መስኮቱ ጋ ተቀምጠን ቢራ እንጠጣለን። አንድ ጆግ ድራፍት ሦስት ዶላር ተኩል ነበር። ወር በገባ ሳምንት ብቻ ዘውዴ ኡዞ ያዛል፤ ዶሪስ ጠርሙሱን ከኋላ መደርደሪያ አቧራውን ጠርጋ ታወርደዋለች፤ ከኛ በቀር የሚጠጣው አልነበረም። ውሃ ሲጨመርበት ነጣ ሲል ሦስታችንም ዝም ብለን እናየዋለን። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ስካይዌይ፣ ወደ እንቅልፋችን። አውቶቡሱ ውስጥ የሚያዩን ሴቶች ቦርሳቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ፤ እኛ ደግሞ ደስ ደስ ብሎን እንስቃለን። እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ እንደዚያ የምስቅበትም ጧት ዳግመኛ አልመጣልኝም።

በሦስታችን መካከል አንድ ሕግ ነበረ፤ ማንም ለራሱ አይከፍልም። ማን አወጣው አትበሉኝ፤ ይዘነው ነው የመጣነው። መጀመሪያ ቀን ሂሳብ ሲመጣ ሦስታችንም ባንዴ ተነሣን። እኔ የዘውዴን እጅ ያዝኩ፤ ዘውዴ የመርዕድን ክራቫት ያዘ፤ መርዕድ «ወግዱ! ስሞት እኔ ነኝ!» እያለ ጠረጴዛው ላይ ተንጠራራ፤ አንድ ወንበር ወደቀ። ዶሪስ መጥረጊያዋን ይዛ ደረሰች። «እኔ ቤት ድብድብ የለም! ውጡና ተደባደቡ!» አለች። ዘውዴ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «እመቤቴ፣ አልተጣላንም፤ ልንከፍል ነው» አላት። መጥረጊያውን እንደያዘች ብዙ አየችን። ከዚያ ወዲያ ራሷ መርጣ ከአንዳችን ኪስ ትቀበል ጀመር፤ ያልተመረጡት ሁለቱ ያን ቀን አኩርፈው ነው የሚሄዱት።

መርዕድ ግን ከሁላችን የባሰ ነበረ። መርዕድ ሳይለመን አይጠጣም። እናቱ «መጀመሪያ ሲቀርብልህ እጅህን የምትዘረጋ ከሆነ ቤትህ ምግብ የለም ይሉሃል» እያለች አሳድጋዋለች፤ ያ ነገር ውቅያኖስ ተሻግሮ አልለቀቀውም። ብርጭቆውን ስሞላለት መጀመሪያ «ቆይ፣ አላሰኘኝም» ይላል። ሁለተኛ ሲባል «ኧረ እኔ በቃኝ፣ እናንተ ጠጡ» ይላል። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ካላልኩት እስከ ምሽት ቢቀመጥ አይነካትም። ከተባለ በኋላ ግን፣ ከባድ ሸክም እንደጫኑት ሰው በረጅሙ ተንፍሶ «እንግዲህ ካልክ ምን አደርጋለሁ» ይልና ያነሣታል፤ ካነሣት ደግሞ ከሁላችን በላይ የሚጠጣው እሱ ነው። ዘውዴ ይበሳጭ ነበር። «ሲያስለምን ይኖርና ጆጉን ይጨርሰዋል!» ይላል። ዶሪስ እንኳ ውላ አድራ ለምዳው፣ ለኛ አንዴ ጠይቃ ስትቀዳ፣ እሱን «መርዕድ? መርዕድ? መርዕድ?» ብላ ሦስቴ ጠርታ ነው የምትቀዳለት።

ኋላ እንደ ሰው ሁሉ ተበታተንን። ዘውዴ አገባ፤ እኔ አገባሁ፤ መርዕድም ክራቫቱን አስሮ አገባ። የዶሪስ ቤት ተዘጋና ስልክ የሚሸጥበት ሆነ፤ በኋላ እሱም ፈርሶ ከሥሩ ሱቅ፣ ከላዩ አፓርታማ ተሠራበት። የሲያትል ኪራይ ጣሪያ ሲነካ እኔ ቤተሰቤን ይዤ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንት ወረድኩ፤ መርዕድ ወደ ሰሜን ወጥቶ ማውንትሌክ ቴራስ ገባ። ካርታ ላይ ምንም አይደለም። መሃሉ ላይ ግን ሲያትል ከነመኪናዋ ተኝታለች፤ አንድ ሰው «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ሲነሣ መንገዱን ያስብና «ከነገ ወዲያ» ይላል። እኛ «ከነገ ወዲያ» ስንባባል ዓመታት ሄዱ። መጀመሪያ ሠርግ ላይ እንገናኝ ነበር፤ የሠርጉ ዕድሜ አለፈና ለቅሶ ላይ መገናኘት ጀመርን። የመርዕድ ሚስት ስታርፍ ሦስት ቀን አብሬው ተቀመጥኩ። ከዚያ በበዓል ቀን ስልክ ብቻ። ጠብ አልነበረንም፤ ጠብ ቢኖረን ሽማግሌ ይገባበት ነበር። ዝም ብሎ መራራቅ ግን አስታራቂ የለውም።

የዘውዴ ለቅሶ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ፣ ከኋላ ጥግ ወንበር ላይ መርዕድን አገኘሁት። ከስቷል። ክራቫቱ አንገቱ ላይ ላላ ብሏል። የሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት።

«አለህ?» አልኩት።

«አለሁ» አለኝ። የዘውዴን ፎቶግራፍ እያየ «አሁንማ ደምሴ፣ ቀጣዩ ለቅሶ ከሁለት የአንዳችን ነው። አንተና እኔ እንድንገናኝ አንዳችን መሞት አለብን ማለት ነው» አለ።

ሳቄ መጣ፤ አዳራሹ ውስጥ መሳቅ ነውር ስለሆነ በመሐረብ አፌን ያዝኩ፤ የሚያዩኝ ያለቀስኩ መሰላቸው። ያን ቀን ነው የመርከቡ ነገር የተነሣው። ድሮ፣ መርከቦቹ ከኛ ከተማ መነሣት የጀመሩ ሰሞን፣ ቱሪስት ከኤርፖርት እየጫንን ወደቡ ድረስ እናደርስ ነበር። ባሎቹ አበባ ያለበት ሸሚዝ፣ ሚስቶቹ ሰፊ ኮፍያ አድርገው፣ ገና መርከቡ ሳይነሣ በብርጭቆ ቀይ ነገር ይዘው ከሰገነቱ እጃቸውን ሲያውለበልቡ፣ እኛ ባዶ ታክሲያችን ውስጥ ተቀምጠን እናያለን። ዘውዴ «አንድ ቀን ሦስታችን!» ይል ነበር። መርዕድ ይህንን አንስቶ «ሁለት ሆነንም ቢሆን እንሂድ» አለኝ። ባለቤቴ ውሃ ትፈራለች፤ «እናንተው ሂዱ፣ እኔ ከዓሣ ጋር ጉዳይ የለኝም» አለችን።

ጉዳዩን ሁሉ የያዘችው ልጄ ሊያ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ቦታዋ ደወለችልኝ። «ባባ፣ ሊስን፤ ድሪንክ ፓኬጅ የሚባል ነገር አለ። አንዴ ትከፍላለህ፣ ከዛ ሳምንቱን ሙሉ የፈለከውን ኦርደር ታደርጋለህ፤ ቢራ፣ ዋይን፣ ውስኪ፣ ኤቭሪቲንግ። ግን አንድ ሩም ውስጥ ያሉት ሁለቱም መግዛት አለባቸው፤ አንዱ ገዝቶ አንዱ አይቀርም። ሶ ጋሼ መርዕድን ኮል አድርገህ ጠይቀው፣ ኦኬ?»

ደወልኩለት። ነገሩን አስረዳሁት።

«አንተ ትፈልጋለህ?» አለኝ።

«እንዴታ! እንደ ድሯችን ነዋ! ለምን ሆነና ነው የምንሄደው?»

«እሺ። ትግዛው በላት» አለ።

አንድ ጊዜ ብጠይቀው እሺ አለኝ። ያ መርዕድ፣ ለአንድ ብርጭቆ ቢራ ሦስቴ የሚያስለምነው ሰውዬ፣ የሳምንት ሙሉ መጠጥ ያለ አንዳች ልመና ተቀበለኝ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። እኔ ግን ደስታው አሳወረኝና ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ፤ ሱሪዬን እንኳ ሁለቴ አስተኮስኩት።

እንግዲህ መርከቡ ላይ ነን። ፓኬጁ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የክፍልህ ቁልፍ የሆነችው ካርድ የመጠጥህም ቁልፍ ናት። በቀን እስከ አሥራ አምስት ብርጭቆ ይፈቀድልሃል፤ አሥራ አምስት የሚጠጣ ሰው ካርዱን የት እንዳስቀመጠ ያስታውሳል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ባንድ ጊዜ አንድ ብቻ ታዛለህ። በጣም ውድ የሆነውን ውስኪ ከፈለክ ልዩነቱን ትጨምራለህ። ለሌላ ሰው መስጠት ግን በፍጹም ክልክል ነው። እኔ ይህንን የሰማሁት ካጠፋሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ኡዞው በሸተተኝ ሰዓት፣ ልቤ ሞቅ ብሎ አሳላፊውን ጠራሁት። አርኔል የሚባል የፊሊፒንስ ሰው ነው፤ ፈገግታው ከፊቱ አይጠፋም።

«ለሱም በኔ አድርገው» አልኩት፣ ካርዴን ዘርግቼ፣ ወደ መርዕድ እያመለከትኩ።

«ጌታዬ፣ እሳቸው የራሳቸው አላቸው» አለኝ።

«አውቃለሁ፤ ግን በኔ ይሁን።»

«ሁለታችሁም ተከፍሎላችኋል እኮ ጌታዬ።»

«እሺ፣ ለዚያች ሴትዮ በኔ» አልኩት፣ ጥጥ ፀጉሯን እያሳየሁ። ሴትዮዋ ዞር ብላ ፈገግ አለችልኝ። አርኔል ራሱን ነቀነቀ። «አይቻልም ጌታዬ። ለሌላ ሰው ከሰጡ ካርዱ ይዘጋል።»

ሰባ አንድ ዓመት ስኖር መጋበዝ የተከለከለበት መጠጥ ቤት አይቼ አላውቅም። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ሰው የየራሱን ካርድ ይዞ፣ የየራሱን ብርጭቆ ያነሣል። ባልና ሚስት ሳይቀሩ ለየብቻ ያዛሉ። መጠጡ ሞልቷል፤ ጃንጥላ የተሰካበት አለ፣ ጭስ የሚወጣው አለ፣ በፍራፍሬ የታፈነ አለ። ሁሉም ተከፍሎበታል፤ ስለዚህ ማንም ለማንም ምንም ማድረግ አይችልም። ዶሪስ ቤት ሦስት ዶላር ተኩል ለመክፈል የተቀዳደድነው ሸሚዝ ትዝ አለኝ። ያኔ ድሆች ነበርን እላለሁ እንጂ፣ በየጧቱ ሦስት ጋባዥ የነበረን ሰዎች ነን።

አንድ ነገር ግን አልተከለከለም፤ መለመን። መርዕድን መለመን ይቻላል። እና ገና ከመጀመሪያው ቀን እምቢ ሲለኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። «ቆይ፣ አላሰኘኝም» አለና ሎሚ የገባበት አምቦ ውኃ የመሰለ ነገር አዘዘ። በልቤ «አንድ!» አልኩ። በማግስቱ ተራሮቹ በበረዶ ነጥተው ከሁለት ወገን ሲከቡን፣ በየካርዳችን ወይን አስቀዳሁ፤ «ኧረ እኔ በቃኝ፣ አንተ ጠጣ» አለኝ። «ሁለት!» አልኩ። አንዳንዴ ትክ ብሎ ያየኛል፤ አንዳንዴ ክኒኖቹን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዞር ብሎ ይውጣል። በኛ ዕድሜ ክኒን የማይውጥ ማን አለ? እኔም አራት እውጣለሁ። «ወይስ ዳግመኛ ተወልደህ ነው መጠጥ የተውከው?» ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀ። «እኔ አንዴም በደንብ አልተወለድኩም» አለኝ። የድሮው መርዕድ ነው፤ ጨዋታውን እየተጫወተ ነው፤ ሦስተኛውን እየጠበቀ ነው። እንዲህ ነበር የመሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ባሩ እንደተከፈተ ይዤው ገባሁ። ከኛ በቀር ሰው አልነበረም። አርኔል በየካርዳችን አንድ አንድ ኡዞ ቀዳልን፤ ውሃ ጨመረበት፤ ነጣ። ብርጭቆውን ወደ መርዕድ ገፋሁለት። እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

«ደምሴ፣ ተወኝ።»

«አልተውህም።»

«ተወኝ ስልህ።»

«በሞቴ!» አልኩት። «አፈር ስሆን! የዘውዴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋህ፣ ካልጠጣህልኝ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የዘውዴ ስም ነው ብዬ እኔም እንባዬ መጣ። በረጅሙ ተነፈሰ፤ ያንን የድሮውን፣ ሸክም የጫኑት ሰው አተነፋፈስ። «እንግዲህ ካልክ ምን አደርጋለሁ» አለና አነሣት። ጨለጣት። ሁለተኛውን ሳቀርብለት አንዴ ብቻ ነው የለመንኩት።

እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ በኋላ ያሳለፍናት አንድ ሰዓት፣ ካገባሁበትና ሊያ ከተወለደችበት ቀን ቀጥላ ትቆጠርልኛለች። ያችን ዘፈን አነሣት፤ የተዘለለችው ቃል ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ባንድ ላይ ዘለልናት። አርኔል ቋንቋችንን ሳያውቅ አብሮን ሳቀ። መርዕድ ዘውዴን አስመስሎ አንገቱን ሰበር አድርጎ ባሩን ዞረ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ «ከነገ ወዲያ» ከላያችን ተነሣ። እያየሁት «አገኘሁት፣ ጓደኛዬን አገኘሁት» እል ነበር በልቤ። ከዚያ ሊቀመጥ ሲል የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ላብ አጠመቀው። «ደምሴ፣ አላማረኝም» አለና ያስመልሰው ጀመር። አርኔል ስልክ አነሣ። በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ታች፣ ወደ መርከቡ ክሊኒክ ሲወስዱት ክራቫቱን በእጄ ይዤ ከኋላ ተከተልኩ።

ሐኪሞቹ ግሉኮስ ሰክተውለት፣ መርፌ ሰጥተውት፣ እስኪረጋጋ ውጪ አስቀመጡኝ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። አንዲት ነርስ መጥታ «መጠጥ መቅመስ እንደሌለበት አያውቁም ነበር?» አለችኝ። ጉበቱ ከታመመ ሁለት ዓመት እንደሆነው፣ የሚውጠው መድኃኒትም ከመጠጥ ጋር ጠላት እንደሆነ የሰማሁት ከሷ አፍ ነው። የመርዕድን ካርድ ለመመዝገብ ተቀብላው ነበረና የመጠጥ ፓኬጁን ምልክት አይታ ግራ ገባት። «ፓኬጁንስ ለምን ገዙት? ለጤና የማይጠጣ ሰው ደውሎ ካስረዳ ይተውለታል፤ ማስገደድ የለም» አለችኝ።

ገባሁ። ትራሱ ላይ ትንሽ ሆኗል። እጁን ያዝኩት።

«ገድዬህ ነበር እኮ» አልኩት።

«በሞቴ ያልከው አንተ፣ ልሞት የነበርኩት እኔ» አለና ሊስቅ ሞከረ።

«አትቀልድ። ለምን አልነገርከኝም? ሐኪም ከልክሎኛል ብትል ፓኬጁም ይቀርልህ ነበር፤ እኔም አፌን እይዝ ነበር።»

«እሱን ነው የፈራሁት» አለኝ።

አልገባኝም። ትንሽ ውሃ አጠጣሁት። ከዚያ ጣሪያውን እያየ፣ እንዲህ አለኝ። «ከታመምኩ ወዲህ ሰው ቤት ስጠራ ልጄ ማርታ ቀድማ ትደውላለች። አባቴ አይጠጣም፣ ጨው አይበላም፣ ቅባት አይነካም ትላለች። ልጅ ናት፤ እኔን ለማዳን ነው፣ አልፈርድባትም። ስደርስ ውሃዬ ተቀድቶ ይጠብቀኛል። ለሰው ሁሉ ይዞራል፤ 'በሞቴ'፣ 'አፈር ስሆን'፣ 'አንዴ ብቻ' ይባላል። እኔ ጋ ሲደርሱ ያልፉኛል። አዝነውልኝ ነው። ግን ደምሴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልለመነኝም። እምቢ ማለት እንኳ የማያስፈልገኝ ሰው ሆንኩ። አንተ ደውለህ 'እንደ ድሯችን' ስትለኝ፣ ብነግርህ አንተም ውሃ ታቀርብልኛለህ ብዬ ሰጋሁ። አንድ ሳምንት፣ አንድ ሰው ይለምነኝ ብዬ ነው ፓኬጁን እሺ ያልኩት። እምቢ እያልኩ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ሦስተኛው ላይ አቃተኝ።»

አለቀስኩ። አሁን ይህንን ስጽፍም አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም። እጁን ስሜ «ሁለተኛ አልለምንህም። በእግዚአብሔር ስም፣ ሁለተኛ በዚህ አፌ...» ስል ከትራሱ ቀና ሊል ታገለ፤ ተቆጣ።

«እንደሱማ አታድርግ! እሱማ እንደ ሌሎቹ መሆን ነው። አንተ ለምነኝ። እምቢ ማለት የኔ ፋንታ ነው።»

የቀሩትን ቀናት እንደዚያ አሳለፍናቸው። እኔ በፓኬጄ ሻይ ነበር የምጠጣው፤ ልጄ ብትሰማ የከፈለችው ገንዘብ ያንገበግባታል። አርኔል ሲመጣ መርዕድን እለምነዋለሁ፤ እምቢ ይላል፤ እጨምራለሁ፤ ይምላል፤ እገዝተዋለሁ፤ ይገዝተኛል። አንድም ጠብታ አልነካም። ሲያትል ወደብ ስንደርስ ከሰባት ቀን በፊት ካየሁት ይልቅ ቀለል ያለው መሰለኝ፤ ሻንጣውን ከእጄ ነጥቆ ራሱ ያዘ።

አሁን ረቡዕ ረቡዕ ከኬንት ማውንትሌክ ቴራስ እወጣለሁ። መንገዱ ያው ነው፤ ብቻ «ከነገ ወዲያ» ማለት ትቻለሁ። ማርታ ደግ ልጅ ናት፤ በር ትከፍትልኛለች፣ ኮቴን ትቀበለኛለች። ግን አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ አስቁማኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ ደምሴ፣ ፕሊስ፤ ዶክተሩ ኖ ብሎታል እኮ። ለምንድነው ኤቭሪ ዌንስደይ የሚጠይቁት? ኢትስ ናት ፌር» አለችኝ። ይህችን ልጅ በምን ቋንቋ ላስረዳት? «የኔ ልጅ፣ ከእጄ ምንም አይቀምስም፤ ምዬልሻለሁ» ብቻ አልኳት። አመነችኝ እንጂ አልገባትም።

ባለፈው ረቡዕ ስደርስ መርዕድ ሕመሙ በርትቶበት ተኝቶ ነበር። ክራቫት የለም፤ አንገቱ ቀጭን ሆኗል፤ ዓይኑ ተጨፍኗል። ማርታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጠጋ ብዬ «መርዕድ፣ አንዲት ብርጭቆ?» አልኩት። ትንፋሹን አዳመጥኩ። «አንዲት ብቻ፣ እኔ ቀድቼልህ» አልኩ። ዝም። ማርታ ወደ አልጋው ተጠጋች። ጆሮው ሥር ተንበርክኬ «በሞቴ! አፈር ስሆን፣ መርዕድ!» አልኩት።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ማርታ አልሰማችውም። «ምን አለ? ጋሼ ደምሴ፣ ምን አለዎት?» ብላ ክንዴን ያዘችኝ።

«እምቢ አለኝ» አልኳት፣ እየሳቅኩም እያለቀስኩም። «ተመስገን፣ እምቢ አለኝ።»